እትዬ መስኮት የወዲህኛው ሕንፃ ሰው ነበሩ

ከወዲህኛው ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር ለአባላት፣ ለጎረቤትና ለወዳጅ ዘመድ የወጣ የሀዘን መግለጫ

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የማኅበራችን መሥራች አባልና የሕንፃዎች ጥራትና የአካባቢ ተስማሚነት መርማሪ የነበሩት፣ ትልቁም ትንሹም «እትዬ መስኮት» እያለ የሚጠራቸው እናታችን፣ በድንገተኛ ሕመም ከመካከላችን ተለይተዋል። የማኅበሩ ሀዘን ከባድ ነው። ከባድ ነው ስንል ከመንገዱ ማዶ ካለው ሕንፃ ሀዘን ጋር እያስተያየን አይደለም። ላስተያይ የሚል ቢመጣ ግን አናፍርበትም።

የማዶው ሕንፃ ማኅበር ከእኛ ቀድሞ መግለጫ ማውጣቱንና በዚያም ሟቿን «የእኛዋ ኢንጂነር» ብሎ መጥራቱን አይተናል። እነርሱ የቀደሙን ጸሐፊያቸው ጡረታ የወጡ መምህር ስለሆኑና ብዕር ስለሚቀላቸው ነው። ይህ መግለጫ የዘገየው ደግሞ ፊደልን በጎልማሳነት በቆጠረ እጅ ስለተጻፈ ነው። የዘገየ ሁሉ ያላዘነ አይደለም። ለቀስተኛ ከየአቅጣጫው በሚመጣበት በዚህ ሰዓት ሟቿ የማን ሰው እንደነበሩ በግልጽ መታወቅ ስላለበት፣ ማኅበሩ የሚከተለውን ያስታውቃል።

ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው በደረጃው ሲወጡና ሲወርዱ የተዘጋ መስኮት ካዩ ሳይከፍቱ ስለማያልፉ ነው። «ቤትም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አፍንጫውን አትያዙበት» ይሉን ነበር። ማዶ ያሉት «ኢንጂነር» ይሏቸዋል። ማዕረግ ለእንግዳ ነው፤ በቅጽል ስሙ የሚጠራ የቤት ሰው ነው።

ሥራቸው የሚታወቅ ቢሆንም ለማያውቅ እንናገራለን። ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት አንድ ሕንፃ ውሃና መብራት እንዴት እንደሚቆጥብ፣ ግድግዳው ሙቀትና ብርድ እንዴት እንደሚመክት፣ የውስጡ አየር ለሳንባ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን መርምሮ የነሐስ፣ የብር ወይም የወርቅ ደረጃ ይሰጣል። ደረጃው ከመርማሪው ፊርማ ጋር በሰሌዳ ተቀርጾ በዋናው በር ላይ ይለጠፋል። ቤት የሚፈልግ ሰው ይዞ የሚመጣ ደላላ ከዘበኛው በፊት ሰላም የሚለው ያንን ሰሌዳ ነው።

ሕንፃችን በተመረቀበት ዓመት። ኮንትራክተሩ ቁልፍ ሊያስረክበን ድግስ ሲያዘጋጅ እርሳቸው እንደማንኛውም ቤት ተረካቢ ባልዲ ይዘው መጡ። በየመታጠቢያ ቤቱ ውሃ እየደፉ ወለሉን ፈተሹ። ውሃው የፍሳሽ ቀዳዳውን ትቶ ወደ በሩ ሲሄድ ጊዜ ኮንትራክተሩን «ይህ ወለል እንግዳ ሊሸኝ ነው እንዴ?» አሉት። ወለሉ ተነሥቶ እንደገና ተሠራ። ያኔ በድግሱ መቅረት ያጉረመረሙ አባላት ዛሬ በደረቅ ወለል ላይ ቆመው ይታጠባሉ።

ውሃ በጠፋበት በጋ። የጣሪያው ዝናብ ወደ ታንከር ወርዶ ለሽንት ቤትና ለአትክልት እንዲውል ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። የሁለተኛ ፎቋ አያት «እሱ ውሃ እኮ ርግብ የታጠበችበት ነው» ብለው ስብሰባውን ሲያስቆሙ፣ «እማማ፣ ለሽንት ቤት ነው ያልኩት። ርግቧ ካልተከፋች እርስዎ ለምን ይከፋሉ?» ብለው አስቀዋቸዋል። ማዶ ያሉት ታንከር የተከሉት የእኛን አይተው ነው። ይህን በመግለጫቸው አልጻፉም።

ሁለቱ ሕንፃዎች በተመረመሩበት ዓመት። እዚህ ላይ ማኅበሩ በጥንቃቄ ይናገራል። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት መርማሪ የሚኖርበትን ሕንፃ መመርመር አይችልም። ስለዚህ የእኛን ሌላ ሰው መጥቶ መረመረ፤ የማዶውን እትዬ መስኮት መረመሩ። ለእኛ ብር፣ ለእነርሱ ወርቅ ሆነ። የእኛ ዝቅ ያለው አንዳንድ አባላት የመወጣጫ ደረጃውን የአየር መተላለፊያዎች በኮምፔንሳቶ ዘግተው ዕቃ ስላስቀመጡባቸው ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ አልጋቸው በእኛ ቤት፣ ፊርማቸው በእነርሱ በር ላይ ሆኖ ቀረ። የማዶው ዘበኛ በአባሎቻችን ፊት «ፀሐይዋ ከእናንተ ትወጣለች፤ ወርቁን ግን ለእኛ ትጥላለች» ማለት ልማዱ ሆነ።

በመሥሪያ ቤታቸው አንድ ቃል እንዲናገሩልን ስንጠይቃቸው መልሳቸው፣ «ለቤቴ ሰው ብዬ ከተናገርኩ፣ ለማዶው የፈረምኩትንስ ማን ያምነዋል?» የሚል ነበር። እውነት ነው። ማኅበሩ በዚያን ጊዜ ያሳየውን ቅሬታ ግን ሰው ሞተ ብሎ አይሰርዝም፤ እርሳቸውም የውሸት ምስጋና አይወዱም ነበር። በእረፍት ቀናቸው ማዶ እየተሻገሩ ሻይ ይጠጡ እንደነበርም በረንዳ ላይ ሆነን አይተናል። ሻይ እኛም ቤት ነበረ።

ጡረታ በወጡበት በዚህ ዓመት። ደንቡ ስለማይከለክላቸው ለመጪው የደረጃ እድሳት ሕንፃችንን ራሳቸው ሊያዘጋጁ ተነሡ። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ቆመው፣ «እስከ ዛሬ የመሥሪያ ቤቱ ነበርኩ፤ አሁን የእናንተ ነኝ። ወርቁን አብረን እንጠይቃለን» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የየቤቱን በር እያንኳኩ፣ በየፎቁ ያለውን ኮምፔንሳቶ ባለቤቱን እያሳቁ አስነሡ። መስፈርቱን ቀለል ባለ ቋንቋና በትልልቅ ፊደል ጽፈው፣ ዘግይተን ማንበብ የጀመርን ሁሉ ማንንም ሳንለምን እንድናነበው ሰጡን። ለማዶዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው አያውቁም። ገና የእኛ መሆን ሲጀምሩ ሞት ቀደመን።

ሞታቸው እንደተሰማ ኮሚቴው ለቀስተኛ በሕንፃችን የምድር ቤት አዳራሽ እንዲቀመጥ ወሰነ። ከማዶ የሚመጣው ሰው ሁሉ አዳራሹን ከራሱ ጋር ማስተያየቱ ስለማይቀር፣ ግድግዳው የዘይት ቀለም እንዲቀባ፣ በሩና አግዳሚው በቫርኒሽ እንዲታደስ ተደረገ። አባላት ከሥራ ቀርተው ሲቀቡ ዋሉ። እንባውን ቀለም በነካው እጁ እየጠረገ ፊቱን ያዥጎረጎረም ነበር። እርጥቡ ቀለም ላይ አቧራ እንዳይለጠፍ መስኮቶቹ በሙሉ ተዘጉ።

ልጃቸው አዳራሹን ለማየት ከአጎቷ፣ ከሟቿ ታናሽ ወንድም ጋር መጣች። ወንድምየው አስም ያለባቸው ናቸው፤ ከበሩ ሳያልፉ ሳል ያዛቸው። ልጅቱ ግድግዳውንም እኛንም አየችን። «በጣም ያምራል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አጎቴ ግን መተንፈስ አለበት» አለች። የቀባው አባል «የኔ ልጅ፣ ሲደርቅ ሽታው ይለቃል» ቢላት፣ «ለቅሶ እስኪደርቅ አይጠብቅም፣ ጋሼ» ብላው አጎቷን ደግፋ ወጣች። ለቅሶው በማዶው አዳራሽ እንዲሆን ቤተሰቡ ወስኗል። የማዶው አዳራሽ አየር ጥሩ ነው። ማኅበሩ ይህን የሚጽፈው ደስ ብሎት አይደለም።

ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ ተሰብስቧል። «እኛ በራሳችን አዳራሽ እናልቅስ፤ እነርሱ በራሳቸው» ያሉ አባላት ነበሩ፤ ከነዚህም መካከል ይህን መግለጫ የሚያወጣው ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ነገር ግን ሬሳ ለሁለት አይከፈልም፤ የሙት ልጅንም ከመንገድ ወዲህና ወዲያ ማመላለስ ነውር ነው በሚል የቀረበው ሐሳብ በድምፅ አሸንፏል። ማኅበሩም ተቀብሎታል።

ስለሆነም ማኅበሩ ለልጃቸው፣ ለወንድማቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና የተዘጋ ቤት ለከፈቱለት ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለማዶው ሕንፃ ነዋሪዎችም ይመኛል፤ ከእኛ ቀጥሎ።

አባላት የሚከተለውን እንዲያውቁ ይሁን። የማዶው አዳራሽ ወንበር እንደማይበቃው ተነግሮናል። ስለዚህ ቀለም ያልነካቸው የማኅበራችን ታጣፊ ወንበሮች ዛሬ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ይሻገራሉ። እያንዳንዱ አባል የቻለውን ይሸከማል፤ የልጃቸውንና የወንድማቸውን ሁለት ባለመደገፊያ ወንበሮች ሊቀመንበሩ ራሳቸው ይይዛሉ። የማዶው ዘበኛ የሚናገረውን ቢናገር መልስ የሚሰጥ አባል አይኑር። ወንበሮቹ ከመስኮቶቹ አጠገብ ይደርደሩ። ማዶ ያሉትም ይቀመጡባቸው፤ ሰው ቆሞ እንዲያለቅስላቸው እትዬ መስኮት አይፈልጉም ነበር።

የወዲህኛው ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር