ስለ ወይዘሮ ሽታዬ ማሳና ስለ ፍርድ ቤታችን ትሕትና

ጥር ፳፻፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ የወረዳችን ፍርድ ቤት ዳኛ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ማኅተም ለማሳረፍ የማይሰንፈው ቀኝ እጅዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልሁ፣ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ እኛ ከንዴት በቀር ደኅና ነን።

እንደሚያውቁት ጎረቤቴ ወይዘሮ ሽታዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሦስት ልጆች በሁለት ጥማድ መሬት የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። አምና ሐምሌ ጤፋቸውን ዘርተው ለፍልሰታ ሱባኤ ዲማ ገዳም ገቡ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ቀያሾች መጥተው፣ ባለይዞታዋ አካባቢውን ለቅቀዋል ብለው መዝግበው፣ መሬቱን ለቀበሌው ሊቀመንበር የእህት ልጅ ሰጡት።

አንደኛ፣ ስለ ጥቅምቱ ስብሰባ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የፍትሕ ማሻሻያ መጥቷልና ከእንግዲህ ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤት ያለውን ሁሉ አሜን ብሎ አይቀበልም፣ ራሱ መርምሮ ይፈርዳል ሲሉን፣ መዳፌ እስኪቀላ ያጨበጨብሁ እኔ ነበርሁ። ጭብጨባዬን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ወይዘሮ ሽታዬ በኅዳር ሲከሱ፣ እርስዎ መሬቱ በአግባቡ ተወስዶ እንደሆነ የወሰደውን ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠየቁት። እሱም በአግባቡ ነው አለ። እርስዎም ባለሙያው ካለ ፍርድ ቤቱ የሚጨምረው የለም ብለው መዝገቡን ዘጉት። ተከሳሽ ለራሱ መስክሮ ሲረታ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ዕድሜ ለእርስዎ፣ ይኸው አየሁ።

ሦስተኛ፣ በሱባኤው አብረናቸው የነበርን ሦስት ካህናት ለምስክርነት ስንመጣ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ሳይሰሙን አሰናበቱን። እስኪ በሞቴ፣ ሱባኤ መግባት አገር መልቀቅ ከሆነ በነሐሴ ጎጃም ውስጥ ማን ይቀራል? ቀያሾቹ ገመዳቸውን የጎተቱት በበቀለ ጤፍ ላይ ነው፤ ማን ዘራው ብሎ የጠየቀ የለም። ከችሎትዎ እስከ ማሳው በእግር ግማሽ ሰዓት ነው፤ እርስዎ ግን ጫማዎ ጭቃ እንዳይነካው ተጠንቅቀዋል፣ ይበል የሚያሰኝ ነው።

ኤጭ! ይህን መጻፍ ራሱ አፍ ያመርራል። ጤፉን የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ አጭዶ ከምሮታል። ወይዘሮ ሽታዬ ማሳው ዳር ቆመው ሲያዩ አጠገባቸው ነበርሁ፤ አላለቀሱም፣ ልጆቼን ምን ላብላቸው ብቻ አሉኝ። ክቡር ዳኛ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ዕለት እርስዎንም፣ ያጨበጨብሁትን እኔንም ተጸየፍሁ።

ወንበርዎ ይመችዎ፤ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ያላችሁን ፍቅር ያጽናላችሁ።

እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል

ተጨማሪ፦ ወይዘሮ ሽታዬ ይግባኝ ለማለት የፍርዱን ግልባጭ ጠይቀው ነበር። መዝገብ ቤትዎ ግልባጩ ይሰጣቸው እንደሆነ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱን በደብዳቤ ጠይቆ መልሱን እየጠበቀ ነው። የይግባኙ ጊዜ የሚያበቃው ዓርብ ነው።