ቁስል የሌለባቸው ቀናት

ሰኞ፣ ጥር 6
ዛሬ ሃያ ሁለት አንገትጌ ሰፋሁ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሁሉም ሰማያዊ። ዓይኔ ሁሉን ነገር ሰማያዊ ያይ ጀመር።
ከቤት ከመውጣቴ በፊት መታጠቢያ ቤቱን ቆልፌ የመጀመሪያውን ናሙና ወሰድኩ። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ቀጭን እንጨት፣ ትንሽ ብልቃጥ፣ ቀን የሚጻፍበት ወረቀት። ልክ መድኃኒት የምወስድበት ክሊኒክ ነርስ እንዳሳየችኝ። አያምም። ብቻዬን ነኝ፣ የሚያየኝ የለም... ቁልፉን ግን ሁለቴ ሞከርኩት።
በየጠዋቱ ለሃያ ስምንት ቀን። "ጥናቱ ኤችአይቪም፣ የብልት ቁስል የሚያመጣው ሄርፐስም ያለባቸው ሴቶች ላይ ነው" ብላኛለች። "ቁስል ሳይኖር ቫይረሶቹ ከብልት ይወጡ እንደሆነ ለማየት።"
ቁስል ሳይኖር?

ረቡዕ፣ ጥር 8
አማቴ በሩን አንኳኳች። "አንቺ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ በሰላም ነው?"
"በሰላም ነው እማማ። ሆዴን ነው።"
ውሸት ምላሴ ላይ ቤቷን ሠርታለች። አንድ መታጠቢያ፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ኮሪደር... የትም ብዞር አማቴ ናት። ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጁ ውስጥ ከአትክልቱ ሥር እከታለሁ።
ባሌ መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ ግሬደር ይነዳል። ዘንድሮ ሥራ በዝቶ ሳይመጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ኤችአይቪ እንዳለብኝ ያውቃል፤ ሳንጋባ ነው የነገርኩት። ሐኪሜ "መድኃኒቷን በትክክል ከወሰደችና ቫይረሱ በደሟ ካልታየ በግንኙነት አይተላለፍም" ስትለው እጄን ያዘ። ከተጋባን ከዓመት በኋላ ግን ሄርፐሱ ወጣብኝ። ከድሮ ሰው ያመጣሁት ነው ብዬ... አንዱን ያለፈልኝ ሰው ሁለተኛውን ይችላል? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ቁስሉ ሲነሳ "ወር አበባዬ ነው" ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሲሽር ደህና ነኝ። ቁስል ከሌለ ምንም የለም... እንዲህ ብዬ ነው የኖርኩት።

እሑድ፣ ጥር 12
ሰባተኛው ብልቃጥ። ምንም አይሰማኝም። ምንም።

ማክሰኞ፣ ጥር 21
ተነሳ። ትናንት መቆጥቆጥ ጀመረኝ፣ ዛሬ ቁስል። ስፌት መኪናው ላይ መቀመጥ አቃተኝ። አጠገቤ ያለችው ጨርቅ ቆራጭ "ምነው፣ ወንበርሽ እሾህ አበቀለ?" ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅኩ። ምን ልበላት?

ሐሙስ፣ ጥር 23
ከሥራ ስገባ ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ። ተፈቷል። ብልቃጦቹ ተደርድረዋል።
"ይሄ ምንድን ነው?"
ፌስታሉን ወደ እኔ ሳብኩት።
"ዝም አትበይኝ! መከላከያ ነው አይደል? ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ የልጅ ልጅ ልይ ብዬ ስለምን፣ አንቺ ለካ..."
እውነቱን ብናገር ኤችአይቪውንም ልነግራት ነው። እሷ ደግሞ አታውቅም። በዚህ በኩል ገደል፣ በዚያ በኩል ገደል።
"አዎ" አልኩ።
"ልጄ ይምጣ!" አለች። ብልቃጦቹን ሰብስቤ መልሼ ከተትኩ... እሷ እያየችኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 4
ትናንት አለቀ። ሃያ ስምንት። አማቴ አሁንም አታናግረኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ሳህኑን ታስቀምጥና ትሄዳለች።

ሰኞ፣ የካቲት 18
ውጤት።
"ከሃያ ስምንቱ በዘጠኙ ሄርፐሱ ታይቷል" አለች ነርሷ።
"ቁስል የነበረኝ እኮ አራት ቀን ነው።"
"አዎ። አምስቱ ምንም ሳይሰማሽ ነው።"
"ኤችአይቪውስ?"
"በአንዱም አልታየም። መድኃኒትሽ ሥራውን እየሠራ ነው።"
መደሰት ነበረብኝ። አምስቱን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ... የኔ ግን ሰውነቴ ሁሉ ነው ባዳ። ደህና ነኝ ባልኩባቸው ቀናት ስንቴ አቅፌዋለሁ?
በየቀኑ የሚወሰድ ኪኒን አለ አለች፤ ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ አያጠፋውም። ኮንዶምም ይረዳል። "ባልሽ ይወቅ" አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። እሷ እሺ ያልኩ መሰላት።
ቅዳሜ ይመጣል።

እሑድ፣ የካቲት 24
ትናንት መጣ። ቦርሳውን ሳያወርድ እናቱ በር ላይ ነገረችው። ገባና በሩን ዘጋ።
"እውነት ነው? ልጅ አትፈልጊም?"
"መከላከያ አይደለም።"
ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሄርፐሱን፣ ወር አበባ ያልኩትን፣ ዘጠኙን ቀን፣ አምስቱን። ሳላቆም። ካቆምኩ መጨረስ አልችልም።
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የጫማውን ክር ፈታ፣ መልሶ አሰረው።
"እኔም አለብኝ።"
"ምን?"
"ከአንቺ በፊት ነው። የመንገድ ሥራው ካምፕ ሐኪም ነግሮኛል... ቁስል ከሌለ አይተላለፍም ብዬ... ከኔ ነው የያዘሽ እያልኩ..."
"ታውቅ ነበር? ወር አበባዬ ነው ስልህ ታውቅ ነበር?"
"ጠርጥሬ ነበር።"
ሁለት ዓመት! ወንጀለኛዋ እኔ ነኝ ብዬ እንቅልፍ ሳጣ፣ ጎኔ ተኝቶ ይጠረጥር ነበር። ትራሱን ወረወርኩበት። አላነሳውም። ማን ለማን እንደሰጠ አሁን ማንም አያውቅም። ቢታወቅስ ምን ይሆናል?

ረቡዕ፣ የካቲት 27
አብረን ክሊኒክ ሄድን። ሴቶች መሀል ብቻውን ወንድ፣ ግሬደር የሚያህል ሰውዬ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ። ሐኪሟ ልጅ መውለድ ትችላላችሁ አለች። ስታረግዢ ንገሪን፣ ወደ መውለጃሽ ኪኒን እንሰጥሻለን፣ ምጥ ሲመጣ ቁስል ካለ በኦፕራሲዮን ይወለዳል። ኪኒኑን ዛሬ ጀመርኩ።
ቤት ስንገባ እናቱን ሲያናግራት ከኮሪደር ሰማሁ። "ምርመራ ነው እማዬ። የእሷ ብቻ አይደለም፣ የኔም ነው። ተያት።"
እሷም "ታዲያ አንድ ሰው አይነግረኝም?" አለች። ከአንገት በላይ አልነበረም።

ሰኞ፣ መጋቢት 2
ዛሬ ወደ ሥራው ተመለሰ። አልታረቅንም። ሳምንቱን ሙሉ እሱ አንድ ይላል፣ እኔ አንድ እላለሁ፣ ከዚያ ጀርባ ለጀርባ እንተኛለን።
ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ቆመና፣ ወለሉን እያየ፣ "ዛሬ... አለብሽ?" አለኝ።
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
"እንጃ። ቁስሉ የለም። አንተስ?"
"እንጃ" አለ። ቀና ብሎ አየኝ። "እኔም እንጃ።"