ኅዳር ሲታጠን የጠፋው ቁልፍ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13/1990፣ ጠዋት

ሶፋው ተገልብጧል። የስኳር ጣሳው ሳይቀር ተደፍቷል። ባለቤቴ መኮንን የመኪናውን ቁልፍ ይፈልጋል፤ እኔ ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ የገለበጠውን አነሣለሁ። ትዳር ማለት ይሄ ነው።

ጎሮሮዬን አሁንም ይከረክረኛል። ትናንት ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ አነደደ፤ እስከ ቦሌ መ/ዓለም ጭስ ብቻ። የእኛን ያነደደው ራሱ መ. ነው። ግቢውን ጠርጎ፣ መኪናዋን አራግፎ፣ ጋዜጣውን ላስቲኩን አሮጌ ጫማውን ከምሮ ክብሪት ጫረበት። ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደ ትልቅ ሥራ ሲያየው አመሸ። አመዱን ማን ያንሣው? እንደተከመረ አለ።

መኪናዋ የመ/ቤቱ ናት። ቁልፏ አንድ ብቻ። ሁለተኛውን ፈረንጁ አለቃ ውሉ አልቆ ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ረስቶት አገሩ ይዞት ገብቷል። እንዲህ ያለ መ/ቤት!

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጽሕፈቴ ተወላግዷል። በንዴት ነው፣ ደብተሬ፤ ለቅሶ እንዳይመስልሽ።

ዘይነባን ሌባ አላት። ሁለቱን ልጆቼን ያሳደገችልኝን ዘይነባን! አርብ የእረፍት ቀኗ ነው፤ ሾላ ገበያ በርበሬ ከምትሸጠው አክስቷ ጋ ሄዳ አድራ ትመለሳለች። ቁልፉም የጠፋው አርብ። ለመ. ይህ በቂ ነው። ቁልፉን ለሌቦች ሰጥታ መኪናዋን ልታስወስድብኝ ነው ይላል።

ሻንጣዋን ግቢ መሐል ዘርግፎ ልብሷን በእግሩ እያገላበጠ ፈተሸ። በእግሩ! ጎረቤታችን ወ/ሮ አልማዝ ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ቆማ ታያለች። ዘይነባ ወደ እኔ ዞረችና "እትዬ፣ እርስዎ ያውቁኛል" አለች። አውቃታለሁ፣ አታደርገውም አልኩት። አንቺ አትግቢበት አለኝ። ፖ/ጣቢያ ወሰዳት። እሱ ተመለሰ፤ እሷ አልተመለሰችም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ትናንት አልጻፍኩም። ምግብ ማብሰል፣ ልጆች ማጠብ፣ ት/ቤት ማስተማር። ሞቻለሁ።

ዛሬ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው መጣ። የመኪናዋን በር መቆለፊያ ፈትቶ ወስዶ በልኩ ቀርጾ አመጣ። በሩ ተከፈተ፤ መ. ጮቤ ረገጠ። ገብቶ አዞረው፤ ሞተሩ ተነሣ። ወዲያው ጸጥ። ደግሞ አዞረው። ተነሣ፤ ጸጥ። ከመሪው ፊት የቁልፍ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

ባትሪ ነው ተባለ። የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ወጥቶ መግፋት ጀመረ። በዚህ አገር የመኪና መድኃኒቱ መግፋት ነው፣ ሌላ የለም። እስከ አስፋልቱ ገፏት፣ ከአስፋልቱ ገፍተው መለሷት። እሷ እቴ! ሁሉም ላብ በላብ ሆኖ ምክር ሰጥቶ ሄደ። መ. መሪውን በቡጢ እየነረተ፣ የዚያች ሌባ ግብረ አበሮች ሞተሩን ነካክተውታል አለ። አሁን ደግሞ ዘይነባ መካኒክ ሆነች! ቡታጋዝ መለኮስ የምትፈራ ሴት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ከሥራ በኋላ አብሬው ጋራዥ ሄድኩ፤ ኤርፖርት መንገድ ላይ ያለ፣ ኮምፒውተር አለው የተባለ። ባለሙያው ነጭ ጋዋን ለብሷል። የጥርስ ስንጥር ከአፉ አይለይም። እኔን እንደ ወንበር ነው ያየኝ፤ የሚያወራው ለመ. ብቻ ነው። ወንበሯ ግን በደንብ ሰማች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህች መኪና ቁልፍ ብረት ብቻ አይደለም። ላስቲክ እጀታው ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቺፕ አለች፤ ባትሪ እንኳ የላትም። ቁልፉ ሲገባ በመክፈቻው ዙሪያ ያለ ቀለበት፣ ማን ነህ? ይላታል፤ እሷ የራሷን ቁጥር ትመልሳለች። የሞተሩ ኮምፒውተር ቁጥሩን ካወቀው ነዳጅ ይለቃል፤ ካላወቀው ወዲያው ያጠፋዋል። ጥርሱን ማንም ይቀርጸዋል፣ ቁጥሯን ግን ማንም አይቀርጽም። ስለዚህ መ. የፈጠራቸው ግብረ አበሮች በሙሉ ተረት ናቸው።

አዲስ ቁልፍ ከውጭ ይታዘዛል፤ ሲመጣ ከመኪናዋ ጋር ያስተዋውቁትና የድሮውን ከኮምፒውተሩ ይሰርዙታል። ለዚህ መ/ቤቱ የፖሊስ ማስረጃ ይጠይቃል። ከተሰረቀ ወጪውን መ/ቤቱ ይችለዋል። በራስ ቸልተኝነት ከሆነ ግን ተጠያቂው መ. ነው፤ መኪናዋንም ይነጠቃል።

ሰውየው ስንጥሩን እያላመጠ ቀጠለ፦ ቺፗ ውሃ ትችላለች፣ እሳት ግን አትችልም፤ እጀታው ከቀለጠ ቁልፉ በር ከመክፈት አያልፍም። ይህን ሲሰማ መ. ፊቱ አመድ መሰለ። አመመህ ወይ አልኩት። ምሳ ስላልበላሁ ነው አለ።

ማምሻውን ከደጅ ሲገባ እጁ እስከ ክንዱ ጠቁሯል። ጎማ እያየሁ ነበር አለ። የማትሄድ መኪና ጎማ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ለዘይነባ ስንቅ ወሰድኩላት። ጾም መግባቱ በጀኝ፤ ሽሮ ነው የሠራሁት። ሥጋ ቢሆን የክርስቲያን እርድ ነውና አትበላልኝም ነበር። አክስቷ እትዬ ፋጡማ ጣቢያው በር ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። ከሰኞ ጀምራ መደቧን ዘግታ እዚያ ነው የምትውለው። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በተሻለኝ። "ባለቤትሽን ለምኝልን፣ ልጄ" አለችኝ። እኔን ትለምነኛለች!

ዘይነባ ፊቷ አብጧል። ልጆቹ ያለሷ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይወስዳቸዋል ብዬ ዋሸሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 21፣ ከሰዓት

ቁጭ ብዬ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት መ. ነጠላውን አጣፍቶ ለጽዮን ማርያም ንግሥ ሄደ። ዘይነባ ስለሌለች ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። ካፖርቱን ልነክር ኪሱን ሳራግፍ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ወደቀ። ጥቁር ብረት፤ ጫፉ ላይ የቀለጠ ላስቲክ ተጣብቆበታል፤ አመድ አለበት። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ሞከርኩት። ልክክ ብሎ ገባ፣ ዞረ። ሞተሩ ተነሣና ጸጥ አለ። ያቺ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም።

መኪናዋን ሲያራግፍ ከጋዜጣው ጋር ጠቅልሎ እሳት ውስጥ የጨመረው ራሱ ነው። ሐሙስ ማታ አመዱን በርብሮ አገኘው። አርብን፣ ቅዳሜን እያወቀ በላ፣ እያወቀ ተኛ፣ ዛሬ ደግሞ እያወቀ አስቀደሰ!

ሲመጣ ቁልፉን ፊቱ ላይ አነሣሁለት። አላፈረም፣ ደብተሬ። "ታዲያ በገዛ እጄ አቃጠልኩት ልበል?" አለኝ። ማስረጃው ሰኞ ወይ ማክሰኞ ይጻፍልኛል፤ ከዚያ እሷም መረጃ አልተገኘም ተብላ ትወጣለች፤ ደግሞ እነሱ ይለምዱታል አለ። እነሱ ይለምዱታል! ስንት ዓመት አብሬው እንደተኛሁ ሳስበው ገላዬን ልፋቀው አልኩ።

ቁልፉን መልሺ አለኝ። አልመለስኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ልጆቹ ት/ቤት ሄደዋል። እኔ ቀርቻለሁ።

ሌሊቱን ቦርሳዬን፣ መሳቢያዬን፣ የልጆቹን ቁም ሣጥን ሲበረብር አደረ። አላገኘውም፤ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው። ጠዋት፣ ጣቢያ ብትሄጂ ወደዚህ ቤት አትመለሽም አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ስለው ከዚህ በፊት ፈርቶ የማያውቀውን ያህል ፈራ።

አሁን የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፎብኝ ሄዷል። ማስረጃውን ሊያጽፍ ነው፤ እሱ የመርማሪው ጠረጴዛ ጋ ሳይደርስ መድረስ አለብኝ። መርማሪው ፊት ይህንን ብረት አስቀምጬ ማን እንዳቃጠለው፣ መቼ እንዳገኘው፣ የት እንደደበቀው እናገራለሁ። ዘይነባን ይዤ እወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ የት እንደምንገባ አላውቅም። ልጆቹን ከት/ቤት አንወስዳለን፤ ሌላውን እዚያው እናስባለን።

ወ/ሮ አልማዝን በአጥር ተጣርቻታለሁ። ምንም ሳትጠይቀኝ መሰላል አምጥቼ በግንቡ ላይ አሻግርልሻለሁ አለች። የክት ቀሚሴን ለብሼ ግንብ ልዘል ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ። የግንቡ ጫፍ ደግሞ ጠርሙስ ስባሪ አለው፤ ያስተከለው እሱ ነው፣ ለሌባ ብሎ። ብርድ ልብሱን አጥፌ አነጥፍበታለሁ፤ የእሱን።

መሰላሉ ግንቡን ነካ፣ ሰማሁት። ልሂድ