ሰውን እስከ መጨረሻው ያዳመጡት ሲስተር ሃረገወይን ኣምደሚካኤል

ሲስተር ሃረገወይን ኣምደሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ኣምደሚካኤል ሐዱሽና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጋነሽ ወልደገሪማ መስከረም 20 ቀን 1955 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዓዲግራት ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በ1975 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመረቁ። የመጀመሪያ ምድባቸው ደብረ ብርሃን ነበር። ከባለቤታቸው ከመምህር መኩሪያ አዲስ ጋር የተዋወቁት በዚያ ሲሆን፣ በ1984 ዓ.ም. በቅዱስ ቁርባን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1988 ዓ.ም. ኑሯቸውን ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ፤ አብኔዘርና ሉዋም የተባሉ ልጆችም አፍርተዋል።

በ1993 ዓ.ም. በሚሠሩበት ጤና ጣቢያ የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ አገልግሎት ሲጀመር ሥልጠና ወስደው አማካሪ ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደረሰባቸውን ነገር ለሠልጣኞቻቸው ሁሉ ይተርኩ ነበር። አንዲት ወጣት ውጤቷን ልትሰማ መጥታ ስለ እጮኛዋ ማውራት ስትጀምር ዕንባ ቀደማት። ሲስተርም አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ “አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል” አሏት። ልጅቷ “አሜን” ብላ ዕንባዋን ጠረገች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ውጤቷን ሳትሰማ ወጣች። ዳግመኛም አልተመለሰችም። “አሜን ካለ ሰው ጋር ምን ቀሪ ወሬ አለ? በገዛ አፌ ሸኘኋት” ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰው የያዘውን ሳይጨርስ ማጽናናት ተዉ።

በ2000 ዓ.ም. በማታው መርሐ ግብር በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ወጣት አማካሪዎችን አሠልጥነዋል። ወንበሮቹን ፊት ለፊት ሳይሆን ሰያፍ አድርገው ያስቀምጡ ነበር፤ የሚናገር ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ያስፈልገዋልና። “ለምን?” የሚለው ጥያቄ ፖሊስ ጣቢያ ያስመስላል ብለው በምትኩ “እንዴት ሆነ?” እንዲባል ያስተምሩ ነበር። ፈዲላ የተባለች ሠልጣኛቸው አንድ ቀን፣ “ሲስተር፣ ዝም ሲሉብኝ ምን ልበል? እኔ እኮ ያልበኛል!” ብትላቸው፣ “ላቢ እንጂ አትናገሪ። ነገሩ እየመጣ ነው፣ መንገዱን አትዝጊበት” ብለው መልሰውላታል።

ይህ ልማድ ግን ቤትም ተከትሏቸው ይገባ ነበር። መምህር መኩሪያ “ለእራት ምን እንብላ?” ሲሉ፣ “አንተ ምን ታስባለህ?” ይሏቸዋል። እሳቸውም “ሃረጉ፣ እኔ የራበኝ ሰውዬ ነኝ፤ ሐሳብ የለኝም” ይሉ ነበር። በዚህ ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ያልተሳቀበት ቀን መጣ። አብኔዘር የምህንድስና ትምህርቱን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ መምጣቱን ተናገረ። ሲስተር ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው፣ በለዘበ ድምፅ፣ “ትምህርቱ ከብዶሃል ማለት ነው?” አሉት። “እማዬ፣ እኔ ተገልጋይሽ አይደለሁም! እንደ ሰው እናት ተቆጪኝ!” አላቸው። ሲስተርም ልማድ ሆኖባቸው፣ “እንድቆጣህ ትፈልጋለህ ማለት ነው” አሉ። በሩን ወርውሮ ወጣ። በሳምንቱ መቀሌ፣ የእናቱ ወንድም አቶ ተስፉ ኣምደሚካኤል ዘንድ፣ ብረታ ብረት ቤት ሊሠራ ሄደ። ሲደውልም ለአባቱ ብቻ ሆነ።

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ስልኩ ጭራሽ ተቋረጠ። ሲስተር ጠዋት ጠዋት ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የልጃቸውን ቁጥር ይደውላሉ። ማግኘት አልተቻለም የምትለውን የቴሌ ሴት ድምፅ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ እስክትጨርስ ያዳምጧታል። ሉዋም “እማ፣ ዝጊው በቃ” ስትላቸው፣ “ትጨርስ፣ ምናልባት ዛሬ ሌላ ነገር ብትል” ይሉ ነበር። ቀን ቀን ሥራቸውን አላስተጓጎሉም፤ የልጆቻቸው ድምፅ የጠፋባቸው ሌሎች እናቶችም እሳቸው ዘንድ መጥተው አልቅሰዋል። ሲስተር ግን የራሳቸውን ለማንም አላወሩም።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. አብኔዘር በአውሮፕላን ቦሌ ገባ። በዚያን ቀን ሲስተር ሃረገወይን ያስተማሩትን ሁሉ አፈረሱ። “ምነው እንዲህ ከሳህ? ምን ትበላ ነበር? ግንባርህ ላይ ያለው ጠባሳ ምንድን ነው? ተስፉስ? ለምን ጃኬት አልለበስክም?” እያሉ አንዱን ጥያቄ በሌላው ላይ ደራረቡበት። መምህር መኩሪያ “ኧረ ተገልጋዩ ይናገር!” ቢሉ በመኪና ማቆሚያው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አብኔዘርም እየሳቀ እናቱን አቅፎ ብዙ ቆየ። ከጥያቄዎቹ ግን አንዱንም አልመለሰም።

ከዚያ በኋላ አያት ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየማቸው በአንድ ማዕድ ተቀምጠው እየበሉ ከሁለት ዓመት በላይ ኖሩ። አብኔዘር ለሚ ኩራ አካባቢ በርና መስኮት በሚሠራ ቤት ተቀጥሮ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። እነዚያን ዓመታት አያነሳም። ሲስተር ጥያቄ ይጀምሩና ወጥ ወደ መጨመር ያዞሩታል። ተገልጋይሽ አይደለሁም የሚለውን ቃል ዳግመኛ እንዳይሰሙ ይፈሩ ነበር። የሌላውን ሰው ዝምታ መታገሥ ይችሉበት ነበር፤ የልጃቸው ዝምታ ግን አመነመናቸው።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በካንሰር መታመማቸው ታወቀ። ለኬሞ ሕክምና የሚያመላልሳቸው አብኔዘር ነበር፣ በአባቱ ቪትዝ። አንድ ከሰዓት በኋላ መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመው ሳለ ሲስተር እንዲህ አሉት፦ “ልጄ፣ የምጠይቅህ ሥራዬ ስለሆነ አይደለም። ናፍቀኸኛል። ይኸው አጠገቤ ተቀምጠህም ናፍቀኸኛል።” መኪኖቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ አብኔዘር መሪውን እንደያዘ፣ አጎቱ ቤት ከደረሰበት ቀን ተነሥቶ መናገር ጀመረ። አያት ደርሰውም አልወረዱም፤ ሉዋም ከሰገነት ሆና ስታያቸው ሁለቱም ወደ ፊት እየተመለከቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሕክምናው ጉዞ ታሪኩን ቀጠለ። የነገራቸውን ሲስተር ለባለቤታቸው እንኳ አላወሩም። ከእነዚያ ጉዞዎች ሲመለሱ ግን ሕመሙ እየበረታባቸውም ፊታቸው ይፈካ ነበር።

ሲስተር ሃረገወይን እሑድ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ሰኔ 9 ቀን በሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን መምህር መኩሪያን፣ ልጆቻቸውን አብኔዘርንና ሉዋምን፣ ወንድማቸውን አቶ ተስፉን እንዲሁም ያሠለጠኗቸውን በርካታ አማካሪዎች ትተው ሄደዋል።

አብኔዘር የጀመረውን ሳይጨርስላቸው ነው የሄዱት። ለመናገር በተዘጋጀ ጊዜ፣ በዚያችው መኪና ውስጥም ቢሆን፣ አባቱና እህቱ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ እንደ እሳቸው ባይችሉበትም ይሰሙታል።

የተጨነቀን ሁሉ የሚሰማ አምላክ የእናታችንን ልመና ይስማ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።