በምራቴ በሉባባ ላይ የተናገርሁትን ስለ መመለስ

በአላህ ስም፣ ርኅራኄው ሰፊ፣ እዝነቱ የማያልቅ በሆነው።

ሰኞ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዙህር ሰላት በኋላ ልጄ ጀሊላ ሕመምተኛ ከምታስታምምበት ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ደወለችልኝ። በአንድ ስልክ ሁለት ነገር ሰማሁ። አንደኛው ወንድሟ ሰላህ ማረፉን ነው። ሁለተኛው፣ ሐኪሙ “ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው ዕጢ ከሁለት ዓመት ያላነሰ ነው” ማለቱን ነው። ሚስቱ ሉባባ ቤቴ ከገባች ገና ዘጠኝ ወሯ ነበር። ይህን ኑዛዜ ያስጻፈኝ ሁለተኛው ነው።

እኔ ጦይባ እንድሪስ፣ የባሕር ዳር ሹም አቦ ነዋሪ፣ ዛሬ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ልቤ ቢታመምም አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በእጄ ጽፌ ለምስክሮቼ አነበብሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ።

ከንብረቴ በፊት ጥፋቴን ልናገር። የዒድ ዕለት ሰላህ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ ሲወጣ ሉባባ “ዛሬስ እንደገና ሙሽራ መሰልህ” ብላ ሳቀች። ዓይን እንዳያርፍ የሚባለውን ማሻ አላህ አላለችም። የዚያኑ ቀን ራሱን አመመውና ተኛ። በእኛ ዘንድ ዓይን ላረፈበት ሰው፣ ዓይኑን የጣለበት ሰው ውዱእ ያደረገበት፣ የታጠበበት ውሃ ይፈስለታል። ሱና ነው፣ አልክድም። እኔ ግን አዋቂ ሳልጠይቅ ሳፋ አምጥቼ ሉባባ እግር ሥር አስቀመጥሁ። ፊቷን፣ እጇን እስከ ክርኗ፣ እግሯንም ታጥባ ሳፋውን በሁለት እጇ አንሥታ ሰጠችኝ። በሰላህ ጀርባ ላይ ሳፈስ “እማ፣ ውሃ ከሆነ የፈለግሽው ጣና መቼ አነሰን? እሷን ተያት” አለኝ። ቀልዱን እንጂ ልመናውን አልሰማሁም።

ሕመሙ ሲብስበት በሐሙስ የሴቶች ዱዓ ላይ “ከልቧ ብትታጠብለት ይድን ነበር” አልሁ። ሃያ ያህል ሴቶች ሰሙኝ። ቃሌ ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ፤ ሉባባ ልብሷን ጠቅልላ ሐሙሲት ከተማ እናቷ ዘንድ ሄደች። በሞተ ዕለት እንኳ አልደወልሁላትም፤ መርዶዋን ከአውቶቡስ ከወረደ መንገደኛ ሰማች። በባሏ ቤት ልትቀመጠው የሚገባትን ዒዳ፣ የአራት ወር ከዓሥር ቀን የባል ሐዘኗን፣ በእናቷ ቤት ተቀምጣለች። ጳጉሜን 2 ቀን አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ ልላት ሄጄ ነበር። እናቷ በሩን ይዘው “ልጄ ዒዳ ላይ ናት፣ አትወጣም። ውሃ ፈልገው ከሆነ ግን ልቅዳልዎ” አሉኝ። በቆመው ሚኒባስ ተመለስሁ።

ስለዚህ፣ አንደኛ፦ ሰላህና ሉባባ ይኖሩበት የነበረው፣ በሩ ወደ መንገድ የሆነው ክፍል ለሉባባ ይሁን። ወራሽ ላልሆነ ሰው መናዘዝ ከሚፈቀድልኝ ከንብረቴ ሲሶ እንደማያልፍ ሼህ ሙሀመድየሱፍ አይተውልኛል። ሌላ ባል ብታገባም የእሷ ነው። ጀሊላ፣ እንዳትከራከሪያት፤ አንቺ ባል፣ ልጆችና የወረታው ሱቅ አለሽ። የቀረው በሸሪዓ መሠረት ለወራሾቼ ይከፈል።

ሁለተኛ፦ ሰላህ የጀልባ ሞተር ይጠግንበት የነበረው መሣሪያ የእኔ አይደለም፤ ወራሾቹ ይካፈሉታል። በእናትነቴ የሚደርሰኝን ግን ለሉባባ ትቻለሁ። ከደቅ ደሴት የሚመጡ ሰዎች ዛሬም የተበላሸ ሞተር ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። “የለም” ማለት ስለሚከብደኝ ሰው እንደሌለበት ቤት ዝም እላለሁ።

ሦስተኛ፦ ጀሊላ፣ በእኔ ጥፋት ሩቅያን፣ ቁርኣን ቀርቶ ፈውስ መለመንን፣ እንዳትጠዪ። ልጆችሽ ሲታመሙ ከቁርኣን ፋቲሓን፣ አያተል ኩርሲን፣ ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን ቀርተሽ፣ አንብበሽ፣ በመዳፍሽ እፍ በዪና አብሺያቸው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ክታብ አታሰሪ። ፈውስ ለምኚ እንጂ ጥፋተኛ አትፈልጊ። እኔ አሁንም ሱብሒና መግሪብ ሰላት ላይ ቁርኣን እቀራለሁ፤ የማብሰው ልጅ ስለሌለኝ መዳፌን በራሴ ፊት ላይ አብሳለሁ።

አራተኛ፦ ከሞትሁ በኋላ ይህ ጽሑፍ ቃሌን በሰሙት ሴቶች ፊት እንዲነበብ ጽፌ ነበር። እዚህ ላይ ሳነብ ጎረቤቴ አገርነሽ “አንቺ ጦይባ! በቁምሽ ብትዪውስ? ሬሳ ይቅርታ ሲጠይቅ አልሰማሁም” አለችኝ። ሼሁም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው “እውነቷን ነው” አሉ። ስለዚህ ያን ሰርዤ ይህን ጻፍሁ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከዓሥር ሰዓት በኋላ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፤ ሉባባ ከባሏ ሕመም ንጹሕ መሆኗን እኔው ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ግልባጩን ሼሁ ሐሙሲት ያደርሱልኛል። አውፍ ብትለኝ የአላህ ችሮታ ነው፤ ባትለኝም ሐቋ ነው።

ተናዛዥ፦ ጦይባ እንድሪስ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ሼህ ሙሀመድየሱፍ አሊ (ፊርማ)፣ ወይዘሮ አገርነሽ ገብረ ኪዳን (ፊርማ)፣ ባለቤቷ አቶ አለበል ውቤ (የጣት አሻራ)፣ ጎረቤታችን አቶ ግሩም ኃይለ ገብርኤል (ፊርማ)

ይህን የምታነቡና የምትሰሙ ሁሉ፣ አላህ ቀብሩን እንዲያሰፋለት፣ ጀነትንም እንዲወፍቀው ለሰላህ ዱዓ አድርጉለት። ስሙን ስታነሡ የጦይባ ልጅ ማለቱን ትታችሁ የሉባባ ባል በሉት።