ከልጄ አጠገብ ባዶውን ስለ በረረው ወንበር

ለክንፈ ሰማይ የአየር ጉዞ አክሲዮን ማኅበር
የደንበኞች አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከቤተሰብ አጠገብ ለመቀመጥ ስለሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍያ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ለማዕድ ስትቀርቡ ሁላችሁም በአንድ ገበታ ዙሪያ፣ ጎን ለጎን፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ የምትቀመጡ ያድርጋችሁ። እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የአውሮፕላናችሁን ደረጃ ወጥቶ ወርዷልና በእሱ ቅሬታ የለኝም።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር የምኖር የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ሠርቻለሁ። ደብዳቤ መጻፍ የተማርኩት በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከኅዳጉ ስለ ወጣች አንዲት ፊደል ገጹን በሙሉ እንደገና ያስጽፉን ከነበሩ መምህርት ስለሆነ፣ አቤቱታ በተራ ቁጥር ካልተለየ አቤቱታ አይመስለኝም። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ጥያቄያችሁ አጭርነት።

አንድ ልጅ አለኝ፤ ዮናስ ቱሉ ይባላል። ከሚስቱ ከሰምሀልና ከዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ከሀሌሉያ ጋር ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ሰሚት ይኖራል። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ለሦስት ቀን አርባ ምንጭ ሄደን እንድናርፍ አሰበና እኔንም ጨመረኝ። ትኬቱ የተገዛው በእኔ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ነው። ዮናስ በአንደኛው ስልኩ ስለ ሲሚንቶ እየተነጋገረ በረንዳ ላይ ይንጎራደድ ነበር፤ በሌላኛው ስልኩ ደግሞ ሀሌሉያ እያነበበች፣ እናቷ እያዘዘቻት ቅጹን ትሞላ ነበር። ለሦስቱ ወንበር ከተከፈለ በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ልጅቷም «ከቤተሰብዎ ጋር መቀመጥ ይፈልጋሉ? ለአንድ ወንበር ስምንት መቶ ብር ይላል፣ እማማ» አለችኝ። እኔም እንዳደግኩበት «ተዉት፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» አልኩ። ሀሌሉያ ጥሩ አንባቢ ናት፤ ከዚያም በላይ ታዛዥ ናት። «አይ» የሚለውን ነካችው።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የሀገሬ ሰው ነዎትና ወጋችንን አላስተምርዎትም። የመጀመሪያው «አይ» ጉሮሮን እንደ መጥረግ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። በሦስተኛው ጠያቂው «በሞቴ» ይላል፣ ተጠያቂውም «እንግዲህ ካላችሁ» ይላል፣ ነገሩም በዚያ ያልቃል። እኔ በዚህ ሥርዓት ሰባ ስምንት ዓመት ስበላ፣ ስጠጣና ስቀመጥ ኖሬአለሁ። ማሽናችሁ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ «ምርጫዎ ተመዝግቧል፤ እናመሰግናለን» ብሎ ዘጋ። በሞቴ አላለም። የሚሞት ነገር ስላልሆነ አልፈርድበትም።

፪ኛ. ስለ ወንበሩ።

ወደ አውሮፕላኑ ስንገባ ልጄ፣ ሚስቱና የልጅ ልጄ በሦስተኛው ረድፍ ቀሩ። እኔ መተላለፊያውን ይዤ እስከ አሥራ ሰባተኛው ረድፍ ተጓዝኩ፤ በመካከሉ ያሉትንም ቁጥሮች ጉልበቴ አንድ በአንድ ቆጥሯቸዋል። ከእኔ ጎን የተመደበው ሰው ሙሐዲን የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነበር። ገና ሲያየኝ ብድግ ብሎ «እማማ፣ ወደ መስኮቱ ይግቡ» አለኝ። እዚሁ ይበቃኛል አልኩት። «ኧረ ይግቡ፣ ሐይቆቹን ያያሉ» አለኝ። ግድ የለም ልጄ አልኩት። «በአላህ እማማ፣ እናቴ ብትሰማ ትቆጣኛለች» አለኝና ገባሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላችን ሻንጣ ተሸክሞ የቆመው ሰው እንኳ አልተነጫነጨም። ይህን የምጽፈው ሦስት ጊዜ መጠየቅ በረራ ያዘገያል ብላችሁ ሰግታችሁ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሐኪሙ ልጆችዎ የት አሉ ብሎ ጠየቀኝና ከፊት መሆናቸውን ስነግረው አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ሰምሀልና ሀሌሉያ በግራ በኩል ተቀምጠዋል። ዮናስ ከመተላለፊያው ማዶ ብቻውን ነው፤ ከአጠገቡ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠው የሰምሀል ቦርሳ ነው። ሙሐዲን አስተናጋጇን ጠራት። ትሑት ልጅ ናት፣ በእርሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፊቱ ወንበር ክፍያ አለው። የሚከፈለው ደግሞ ከጉዞ በፊት በስልክ ብቻ ነው» አለችኝ። ሙሐዲን «ቦርሳውስ ከፍሏል?» ቢላት ሳቋን በእጇ ሸፍና «እኔ የታዘዝኩትን ነው፣ ወንድሜ» ብላ ሄደች።

«ልጅዎን ልጥራልዎት?» አለኝ። «ተወው፣ አታስቸግረው» አልኩት። ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ተንቀሳቀሰና ሁለተኛ ሳይጠይቀኝ ቀረ። ዮናስም ዘወር ብሎ በእጁ ደኅና ነሽ ወይ አለኝ። ራሴን ነቅንቄ ደኅና ነኝ አልኩት። እሱም ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ፊቱን መለሰ።

እንግዲህ ያ ወንበር አርባ ምንጭ ድረስ ከልጄ አጠገብ በነጻ ተጓዘ። ማኅበራችሁ ለቤተሰብ መራራቅ ብቻ ሳይሆን ለባዶ ወንበሮች መዝናናትም እንደሚያስብ በዓይኔ አይቻለሁና ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ለአንድ ሰዓት በረራ ይህን ያህል መጻፍ ምን ያስፈልጋል ይሉኝ ይሆናል። ምክንያቱን ባላስረዳ አቤቱታዬ ጎደሎ ይሆናል።

ልጄ ክፉ ልጅ አይደለም። እሑድ እሑድ ሳያቋርጥ ይደውላል፣ መድኃኒቴን ይልካል፣ ቅዳሜ ሲመቸው ይመጣል። ነገር ግን ስልኩ ከእሱ ጋር ይመጣል። ወሬ ልጀምር አፌን ስከፍት ይጠራል፤ «አንድ ደቂቃ እማዬ» ይልና ይወጣል፤ ሲመለስ እኔ የምለው ጠፍቶብኛል፣ ወይም ያለፈበት መስሎኛል። አውሮፕላን ውስጥ ስልክ እንደማይጠራ የነገረችኝ ጎረቤቴ ብርነሽ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጓጓሁት ለሐይቁም ለአዞውም አልነበረም። አንድ ሰዓት ሙሉ ከልጄ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጬ አንድ ነገር ልነግረው ነበር። ነገሩንም በቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተለማምጄዋለሁ።

ነገሩ ይህ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናብ ባራሰው የግቢዬ ደረጃ ላይ ወደቅኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ብርነሽ ከሽሮ ሜዳ ጥጧን ሸጣ ስትመለስ በሬ ገርበብ ብሎ አይታ እስክትገባ፣ እስከ ቀትር ድረስ እዚያው ተኝቻለሁ። አልጮኽኩም፤ መጮኽ አሳፈረኝ። አንስታ ካስቀመጠችኝ በኋላ ለዮናስ እንዳትነግረው አስማልኳት። እስካሁን መሐላዋን ጠብቃለች፣ ግን በየጠዋቱ መጥታ በሬን ታንኳኳለች። እኔም ከአልጋዬ ሳልነሳ እስክታንኳኳ የማዳምጥበት ጊዜ መጥቷል።

የዛሬ አራት ዓመት ባለቤቴ አቶ ቱሉ ያረፉ ጊዜ ዮናስ «እማዬ፣ ከእኛ ጋር ኑሪ» ብሎኝ ነበር። «አይ፣ ቤቴ ይሻለኛል» አልኩት። በአርባው ደገመልኝ። «ኧረ አይሆንም፣ እናንተም ኑሮ አላችሁ» አልኩት። ሦስተኛውን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው። በሰማንያው ይመጣል አልኩ፣ በሙት ዓመቱ ይመጣል አልኩ። ልጄን ጥሩ ትምህርት ቤት አስተምሬዋለሁ፤ ማሽናችሁን ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ሁለቱ ግን የተመረቁት ከአንድ ቦታ ይመስለኛል።

፫ኛ. ስለ መልስ ጉዞው።

ስለ አርባ ምንጭ የምለው ብዙ የለኝም። ሆቴሉ ጥሩ ነው። እንዲመቸኝ ተብሎ ለብቻዬ ክፍል ተያዘልኝ፤ ሁለት አልጋ ነበረው። ቁርስ ላይም እራት ላይም ሲሚንቶው አብሮን ተቀምጧል።

ለመልሱ ግን ዮናስ ማንንም ሳይጠይቅ ስምንት መቶ ብሩን ከፍሎ ከአጠገቡ አስቀመጠኝ። ምን እንዳሳሰበው አልጠየቅኩትም። ቀበቶዬን ራሱ አሰረልኝ፤ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። የተለማመድኩትን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። አውሮፕላኑ ገና ደመናውን ሳያልፍ የዮናስ ራስ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ልጄ በትከሻዬ ላይ የተኛው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ጸጉሩ መሸበቱን ከቅርብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከፊት ያለችው ሀሌሉያ ዞራ «እማማ፣ አባዬ ያንኮራፋል፤ ቀስቅሺው» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። ክንዴ እስኪደነዝዝ ድረስ ሳልንቀሳቀስ አዲስ አበባ ደረስኩ። ጎማው መሬት ሲነካ ባነነና «ምነው እማዬ፣ አትቀሰቅሺኝም ነበር?» አለኝ። «ደክሞህ ነው ብዬ» አልኩት። ከኪሱ አውጥቶ ስልኩን ከፈተው። ቀበቶዬን ሳልፈታ ጠራ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በዚህኛው ተራ ቁጥር ሥር የእናንተ ጥፋት የለም። መዝገብ አስተካክሎ መያዝ ልምዴ ስለሆነ ያልሠራችሁትን አልጽፍባችሁም። ስምንት መቶ ብር ወንበር እንጂ የነቃ ልጅ እንደማይገዛ በደረሰኙ ጀርባ ላይ አልተጻፈም፤ ቢጻፍም ኖሮ መነጽሬ አያነበውም ነበር።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽናችሁ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን ሲያገኝ ሦስት ጊዜ ይጠይቅ። ሦስት ካበዛባችሁ ሁለት ይሁን፤ ለሁለተኛው ጥያቄ ተጨማሪ ክፍያ ብትጠይቁም እከፍላለሁ። እምቢ ስንል እሺ ማለታችን የሆነ ሰዎች እያለቅን ነውና ወጪው ለብዙ ዓመት አይቆይባችሁም።

የማኅበራችሁ አውሮፕላኖች ሁልጊዜ በሰላም ወጥተው በሰላም እንዲያርፉ፣ እርስዎም በጡረታዎ ዘመን፣ መቼም ያ ቀን ሳይጠየቅ ይመጣልና፣ የልጆችዎ ወንበር ከእርስዎ ወንበር በአሥራ አራት ረድፍ የማይርቅ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ የማሰላሰያ ጊዜ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በትሕትና እገልጻለሁ።

ሐመልማል አጥናፉ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአቶ ዮናስ ቱሉ
ሰሚት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመዝገብ ቤት ሳለሁ ደብዳቤ ከዋናው ተቀባይ ይልቅ ግልባጭ የተደረገለት ሰው ቀድሞ እንደሚያነበው ተምሬአለሁ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ መልስ ለመስጠት አይጣደፉ፤ መጣደፍ ልማዳችሁ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁትም ስልክ እየጠራ እንኳ ሊነበብ ስለሚችል ነው። የሚከተለው መስመር እርስዎን አይመለከትም።

ዮናስ፣ የዛሬ አራት ዓመት ለጠየቅኸኝ መልሴ እሺ ነው። ሦስተኛውን ትቼልሃለሁ። ጠባብ ክፍል ትበቃኛለች፤ ብቻ በሩ እናንተ ወደምትቀመጡበት ይከፈት።