ከአዛኑ ጋር የተቀዳው ድምፅ

ኤፕሪል 14
ዛሬ ኮዲንግ ክላስ ድምፅ መገልበጥ ተማርን። አንድ መስመር ኮድ ብቻ! "ደህና አደራችሁ" ብዬ ቀዳሁና ገለበጥኩት... በሳቅ ሞትኩ። ቀጥሎ ማዘግየት። የፍጥነቱን ቁጥር ሲቀንሱት ድምፅ ይጎተታል፣ ይወፍራል። የኔ ቀጭን ድምፅ የሽማግሌ ሆኖ አረፈው።

ይሄን ድምፅ የት ነው የማውቀው?

ያ ቮይስ ሜሴጅ! ኒካሃችን ሊታሰር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለእጮኛዬ ለጠልሀ እናት የተላከው። "ኑሰይባ አዲስ አበባ ባል አላት። ሳትፈታ ነው እዚህ አገር የመጣችው።" ጎታታ የወንድ ድምፅ፣ ከማይታወቅ ቁጥር። እሳቸው "አላህን ፍሪ" ብለውኝ በሩን ዘጉ። ጠልሀም ሜሴጁን ላከልኝና ስልኬን ማንሳት ተወ። ስሜ እንደጠፋ ቀረ... ሜሴጁ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ኤፕሪል 15
ዳውንታውን፣ የምሠራበት ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት። ሜሴጁን ከፍቼ የፍጥነቱን ቁጥር ጨመርኩ። አሁንም ወንድ። ስንት ልጨምር? ከኋላ የሚያጉረመርም ነገር አለ፣ እስከዛሬ ሞተር ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ስጨምር... አዛን! የሶላት ሰዓት የሚጠራ የስልክ አዛን። የቀዳው ሰው ማጥፋት ረስቷል።

አዛኑ እስኪስተካከል ጨመርኩ። አዛኑ ልክ ሲመጣ ተናጋሪውም ልክ መጣ።

ሂዳያ።

ኤፕሪል 16
የልብ ጓደኛዬ! ኒካሁ ሲፈርስ ሦስት ቀን ቤቴ አድራ ሾርባ ያጠጣችኝ። "ማን ይሆን? እጁ ይሰበር!" ስትል የነበረችው። እጅሽ ይሰበር እንግዲህ!

ለመስጊዳችን ሴቶች ግሩፕ ልልቀቀው? ጣቴ ሴንድ ላይ ነበር... አይ። ትክዳለች። ይቆያት።

ሜይ 9
ኮልፋክስ መንገድ ላይ ያለው ሱቅ አገኘኋት። ዓይኗን በጨው አጥባ ሳመችኝ። "ኑሲ፣ ሐጅ ልሄድ ነው!" "ማሻአላህ" አልኩ፣ እርር ድብን ብዬ።

ሜይ 16
ግሩፑ ላይ ቮይስ ላከች። "ነገ በራሪ ነኝ። ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉኝ።" ሁሉም "አውፍ ብለናል፣ ዱዓ አድርጊልን"። የሰው በደል ተሸክመው ሐጅ አይኬድም። የኔን ሐቅ ይዛ፣ በጅምላ አውፍ!

"አውፍ በሉኝ" ያለችበትን ቆርጬ በዚያው ራሷ በተጠቀመችበት የፍጥነት ቁጥር አዘገየሁት። ያው ሰውዬ ቁጭ አለ።

ሜይ 17
ኤርፖርት እስክትደርስ ጠብቄ ላክሁላት። ለብቻዋ። ምንም አልጻፍኩም።

አሥራ አንዴ ደወለች። አላነሳሁም። ከዚያ ቮይስ፣ እያለቀሰች፦ "ኑሲ... ባል አላት ያልኩት ውሸት ነው... ቀንቼ ነው... ጌት ላይ ነኝ፣ እንዴት ብዬ ልሳፈር? አውፍ በይኝ..."

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይሄኛውን አልገለበጥኩትም፣ አላዘገየሁትም። እንዳለ ለጠልሀ እናት ፎርዋርድ አደረግኩት።

ሂዳያ አሁንም ትደውላለች። አውፍ አላልኳትም።

ቅድም ጠልሀም ደወለ። እሱንም አላነሳሁለትም።